ከቂርቆስ እስከ ቂርቆስ፦ በወንጪ ደሴት የዋልንባት ቀን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በጉዞ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ሃያ ደቂቃ ሰጥተውናል። እኛ የጉዞ ኮሚቴው አባላት ሦስት ነን። ንግግሩን አብረን ጻፍነው፤ ለማንበብ ግን ከሦስታችን ድምፅዋ የማይንቀጠቀጠውን መረጥን። የታዘዝነው የየካቲት 15ቱን ጉዞ ሪፖርት እንድናቀርብ ነው። የሒሳቡን ነገር መጨረሻ ላይ እናደርሰዋለን። መጀመሪያ ግን ያልመጣችሁት አሥራ ሰባት አባላት የት እንደዋልን እንድታውቁልን፣ የመጣችሁትም ኮሚቴው የት ላይ እንደተሳሳተ ከራሱ አፍ እንድትሰሙ እንፈልጋለን።

ነገሩ የሚጀምረው ከጥቅምት ነው። ካዛንቺስ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ ይሠራ የነበረው ድርጅት «ካዛ ኢንቺስ» ስለሚባል ስሙን ከዚያ ወሰደች ይባላል። ጣሊያን ሄደ፣ ስሙ ቀረ፤ እኛም ወልደን ከብደን ኖርንባት። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ የገጠመንን ሁላችሁም ስለምታውቁት አንደግመውም። ገሚሶቻችን ገላን ጉራ ገባን፣ ገሚሶቻችን ወደተለያየ ኮንዶሚኒየም ተበተንን፣ ቂርቆስ ያሉት ደግሞ ባሉበት ቀሩ። ድሮ ለስብሰባ የሚጠራን ከግቢ ወደ ግቢ የሚሮጥ ልጅ ነበር። አሁን ሁለት ታክሲ ተይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በጥቅምቱ ስብሰባ «ገንዘቡን ተካፍለን በሰላም እንለያይ» የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ያቀረቡትም እንደኛው የደከማቸው እህቶች ናቸው፣ አንወቅሳቸውም።

ያን ጊዜ አንዲት እናታችን ከኋላ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «እኔ ከእናንተ ጋር ቀብር ሄጃለሁ፣ ሰርግ ሄጃለሁ፣ ሆስፒታል በር ላይ አድሬአለሁ። ሰው ሳይሞት ወይም ሳይዳር ግን አንድ ቀን እንኳ አብረን መኪና ተሳፍረን አናውቅም። መካፈሉ ለከርሞም ይደርሳል።» ሳቅን። ሳቁ ሲያበቃ ግን ሁላችንም ዝም አልን፣ እውነት ነዋ። የመካፈሉ ጉዳይ ከጉዞው በኋላ እንዲታይ ተወሰነ። ዛሬ በሦስተኛ አጀንዳነት የተያዘውም ያው የቆየው ጉዳይ ነው።

የት እንሂድ በሚለው ላይ ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን። ላንጋኖ ተባለ፣ የማደሪያው ወጪ አስፈራን። ቢሾፍቱ ተባለ፣ ልጆቹ «በትምህርት ቤት ሄደናል» አሉ። ልጆቹ የፈለጉት ደሴት ነበር። ደሴት የሚሉት በስልካቸው የሚያዩትን ነው፤ ሀዋይ፣ ባሊ፣ ዙሪያውን ባሕር፣ መካከሉ ላይ እሳተ ገሞራ የወለደው ተራራ። አንዷ ልጅ «እኛስ አገር እንዲህ ያለ የለም?» ብላ ስትጠይቅ ነው ወንጪ የተነሣው። ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በወሊሶና በአምቦ መካከል ያለ ተራራ ነው። ሐይቁ የተኛው በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ሲሆን በሐይቁ ላይ ደሴት አለ። በደሴቱ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ወንጪ ቂርቆስ ነው። የቂርቆስ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ሌላ ቦታ የሚል አልተገኘም። ቀን ሲቆጠርም የካቲት 15 የወሩ ቂርቆስ ነው፣ ቅዳሜ ይውላል፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን፣ ረመዳንም ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል። ለሁላችንም የተመቸ ቀን ነበር።

ከዚያ ታኅሣሥና ጥር መጣ። በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲናወጥ እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ሌሊት አልጋችን ሲወዛወዝ የነበረውን ታስታውሳላችሁ። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አዲስ የገቡት እህቶቻችን በነጠላ ደረጃ ላይ ያደሩባቸው ሌሊቶች ነበሩ። በዚህ መሐል «እሳተ ገሞራ ላይ ሽርሽር» ማለት ለብዙዎች ዕብደት መሰለ። ስምንት ሰው ስሙን አስሰረዘ።

የአንዷ አባላችን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ይማራል። ጠርተን አስረዳን አልነው፣ ቡና እየተጠጣ አስረዳን። ወንጪ በጣም ጥንት የፈነዳ ተራራ ነው አለን። ከሥሩ የነበረው ቅልጥ ዐለት ወጥቶ ሲያልቅ አናቱ ወደ ውስጥ ተደረመሰና ጎድጓዳ ሆነ፤ ዝናብና ምንጭ ሞላው፣ ሐይቁም እንዲህ ተፈጠረ። እንደ ኤርታሌ ዛሬም የሚንተከተክ አይደለም። ቀጥሎ የተናገረው ግን ቡናችንን አስቀመጠን። «እናንተስ የት የምትኖሩ ይመስላችኋል?» አለ። እንጦጦ፣ ወጨጫ፣ ፉሪ፣ የረር፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ የቆሙት ተራሮች ሁሉ የድሮ እሳተ ገሞራ ውጤቶች ናቸው። ፍልውሃ ደግሞ እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ከምድር ሆድ ፈልቶ ይወጣል፤ እቴጌ ጣይቱም ከእንጦጦ ወርደው በ1879 ዓ.ም. ከተማዋን የቆረቆሩት እሱን ወድደው ነው። ከሥሩ ትኩስ ውሃ እየፈላ ሰባ ዓመት የኖርን ሰዎች ወንጪን ፈራን! ከስምንቱ አምስቱ ስማቸውን መልሰው አስመዘገቡ።

የጉዞውን ዋዜማ ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። መኪናው የሚነሣው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከገላን ጉራ በዚያ ሰዓት ታክሲ አይገኝም። ይህን ያሰብነው ዓርብ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ የመጀመሪያው ስሕተታችን ይኸው። የቂርቆስ እህቶች ግን «አድራችሁ ትሄዳላችኋ» አሉ እንጂ አልተደናገጡም። ዓርብ ማታ ዘጠኝ እናቶችና አሥራ አንድ ልጆች በሦስት ቤት ተካፍለው አደሩ። በአንዱ ቤት በአንድ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ተገጣጥሞ አሥራ አንድ ሰው ተኛ። ተኛ ስንል ለወጉ ነው። እስከ ስምንት ሰዓት ወሬ ነበር። አንዷ እህታችን ጎህ ሊቀድ ሲል «ከመስከረም ጀምሮ ጎረቤት ሲያስል ሰምቼ አላውቅም፣ ዛሬ ሰማሁ» አለች። ካዛንቺስ ግድግዳችን ስስ ነበር። ስንት ዓመት ያማረርንበትን ነገር ነው የናፈቀችው።

ሁለት ኮስትር ተከራይተን ሃምሳ ሰው ሆነን ተነሣን፦ ሃያ አራት አባላት፣ ሃያ አንድ ልጆች፣ አምስት ባሎች። ባሎቹ አምስት ብቻ የሆኑበትን ምክንያት ለየቤታችሁ እንተወዋለን። በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎ አድርገን የበቾን ሜዳ ስናቋርጥ የታጨደው የጤፍ ማሳ ላይ ፀሐይ ወጣ። ከወሊሶ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይሆናል። እንሰቱ በየደጁ ይበዛል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ጆሮ ይደፈናል።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስሕተታችንን እንናዘዝ። ልጆቹ ያዩት ደሴት ሁሉ ሰዎች በቁምጣ የሚሄዱበት ነውና ስስ ልብስ ለብሰው መጡ። እኛም ካርታ አይተን ከምድር ወገብ የምንርቀው ዘጠኝ ዲግሪ እንኳ እንደማይሞላ ስናውቅ ሙቀት ጠበቅን። የወንጪ አናት ግን 3,386 ሜትር ነው። እንጦጦ ላይ በክረምት ጠዋት መቆም ማለት ነው። ከመኪና ስንወርድ ልጆቹ ተንቀጠቀጡ፣ እናቶች ነጠላና ጋቢያቸውን ቀደው እንደ ማካፈል ነበር፤ አንድ ጋቢ ውስጥ ሦስት ልጅ ሲሄድ አይተናል።

ጫፉ ላይ ደርሰን ወደ ታች ስናይ ግን ቅዝቃዜው ተረሳ። ዙሪያውን ተራራው እንደ ድስት ከንፈር ከብቦ፣ ከታች ሰማያዊ ውሃ ተኝቷል፤ ውሃው መካከል ደሴቱ አረንጓዴ ሆኖ ተቀምጧል፤ በገደሉ ላይ ጽድና አስታ፣ ከዚያ በታች የገብስ ማሳና የጭስ ጭላንጭል የሚወጣባቸው ጎጆዎች አሉ። ሃምሳ ሰው ነን፣ ሃያ አንዱ ልጅ ነው፣ ግን ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንዷ «ይሄን ሳላይ ልሞት ነበር» አለች፤ ድምፅዋ የቁጭት እንጂ የደስታ አልነበረም።

ወደ ሐይቁ መውረጃው ለጉልበት የሚከብድ ነው። የአካባቢው ሰዎች ፈረስ ያከራያሉ። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋ፣ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ «እኔ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ» ይላሉ ብለን ፈርተን ነበር። ፈረሱን አንገቱን ዳበሱት፣ እግራቸውን እርካብ ላይ አስገቡ፣ ማንም ሳያግዛቸው ወጡ። ልጓሙን የያዙበትን አያያዝ አይቶ ፈረስ አከራዩ ራሱ ሳቀ። ሰላሌ ነው የተወለዱት። የአባታቸውን ፈረስ ውሃ የሚያጠጡት እሳቸው ነበሩ። በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ሰው ቤት ሊሠሩ አዲስ አበባ መጡና ከዚያ ወዲህ ፈረስ ላይ ወጥተው አያውቁም። ሠላሳ ዓመት አብረን ዕቁብ ስንጥል ይህን ነግረውን አያውቁም፤ እኛም ጠይቀናቸው አናውቅም። የልጅ ልጃቸው ከኋላ እየሮጠ «እማማ፣ እማማ!» ሲል አልዞሩም።

ሦስተኛው ስሕተት ከሁሉም የከፋው ነው። ጀልባው ጋ ስንደርስ ላይፍ ጃኬቱ አሥራ አምስት ነው። ስልክ ደውለን የጀልባውን ዋጋ ጠይቀን ነበር፤ ጃኬት ስንት እንዳለ ግን መጠየቅ አልመጣልንም። ከመካከላችን «ውሃው ዝም ያለ ነው፣ ልጆቹን አቅፈን እንግባ» ያሉ ነበሩ። ሰዓቱም እየሄደ ነው። ኮሚቴው ዞር ብሎ ተማከረና ያለ ጃኬት አንድም ሰው እንዳይገባ ወሰነ። ለዚህ ውሳኔ ያን ቀን ብዙ ክፉ ቃል ሰምተናል፣ ዛሬም ቢሆን አንመልሰውም። የእሳተ ገሞራ ሐይቅ እንደ ሌላው ዳር ዳሩ እየጠለቀ የሚሄድ አይደለም፤ ገደሉ ውሃ ውስጥም ገደል ነው። ስድስት ሰዎች ከዳር ቀሩ፣ አርባ አራታችን በሦስት ዙር ተሻገርን። ጥፋታችን ዙሩ የፈጀውን ጊዜ አለማስላታችን ነው። በሦስተኛው ዙር የተሻገሩት አሥራ አራት ሰዎች ደሴቱን ብቻ አይተው ተመለሱ፣ ፍል ውሃውን አላዩም። ከእነሱ ውስጥ ስድስቱ ልጆች ናቸው። በዚህ ጉባኤ ፊት ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን።

ደሴቱ ጸጥ ያለ ነው። ዛፉ ጥላ አለው፣ ወፍ ይበዛል። የሚገቡት ገቡ፣ መግባት የማይችሉት እንደሰፈራችን ደብር ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ተሳለሙ፣ ሙስሊም እህቶቻችን ዛፍ ሥር ልጆቹን ሰብስበው ዳቦ አካፈሉ። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ «የእኛ ሰፈር ቂርቆስ እዚህም መጣ?» ብሎ ጠየቀ። እናቱ ታሪኩን ነገረችው፦ የሦስት ዓመቱ ሕፃን ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ በእምነታቸው ምክንያት በሚፈላ ውሃ ጋን ውስጥ ሲጣሉ መልአኩ ገብርኤል መጥቶ ውሃውን እንዳቀዘቀዘላቸው። ልጁ አሰበ አሰበና «ታዲያ ጋኑ ይሄ ነው?» ብሎ ተራራውን በጣቱ በክብ አሳየ። መልስ አልነበረንም።

ከደሴቱ ማዶ ባለው ሸለቆ ፍል ውሃው አለ። ፍልውሃችንን ለሚያውቅ ሰው ሽታው አዲስ አይደለም፤ ልዩነቱ ግንብና ቧንቧ፣ ወረፋና ቲኬት የሌለው መሆኑ ነው። እግራችንን ነከርን። ከዚያ በታች ወንዙ ላይ የውሃ ወፍጮ አለ፤ ውሃው ራሱ ድንጋዩን ያዞረዋል፣ መብራት ጠፋ፣ ናፍጣ አለቀ የሚባል ነገር የለም። ገብስ ሊያስፈጩ የመጡ እናቶች ቁጭ ብለው ተራ ይጠብቁ ነበር። ከእኛ ኦሮምኛ የምታውቅ ስለነበረች «አካም ጂርቱ» ተባብለን ጨዋታ ያዝን። እነሱ ስለ እኛ ማኅበር ጠየቁን፣ እኛ ስለ ማራቸውና ስለ ቆጮው። አንዷ የአዲስ አበባን የቅቤ ዋጋ ጠየቀችን። ነገርናት። አላመነችንም፤ ተነሥታ ጎረቤቷን ጠራችና «እስቲ ለሷም ድገሙላት» አለች። የተጫወትነው በዚህ ነው፤ ከሐይቁ ይልቅ ስለዚህ ቅቤ የሚያወሩ አባላት አሉን።

ወንጪ ስሟ የወጣ ቦታ ናት። በ2014 ዓ.ም. የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከሠላሳ ሁለት አገሮች አርባ አራት መንደሮችን ምርጥ የቱሪዝም መንደር ብሎ ሲመርጥ አንዷ እሷ ነበረች። ከዚያ በፊትም ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በገበታ ለሀገር ተይዛለች፤ ያን ጊዜ አንድ ሰው ለአንድ እራት 10 ሚሊዮን ብር የከፈለበት ገበታ መሆኑን ታስታውሳላችሁ። የተሠራውን ሎጅ ከሩቅ አይተን አደነቅን፣ የአንድ ሌሊቱን ዋጋ ሰምተን አለፍን። የእኛ ገበታ ሣር ላይ ነበር። ሙስሊምና ክርስቲያን ከአንድ ትሪ እንድንበላ ሥጋ አይያዝ ብለን ወስነን ስለነበር ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ድንቹ ወጣ። «ጾሙ ሳይገባ አስጾማችሁን» ያሉን ቢኖሩም ትሪው ባዶውን ነው የተመለሰው። ከዳር የቀሩት ስድስቱም የራሳቸውን ድርሻ ከማር ሻጮቹ ጋር ተካፍለው በልተዋል። አንድ ነገር ግን አየን። ሁላችንም ለባልና ለልጅ አቅርበን ስንጨርስ ቆመን ቀረን። ማን ይቁረስልን? ከትልልቆቹ ሴት ልጆች አንዷ «ቁጭ በሉ» አለች፤ ልጆቹ እጃችንን አስታጥበው እኛን አበሉን። ቡናውንም አፈሉት። ቀጥኖ ነበር፣ ጠጣነው።

አሁን ስላልመጣችሁት። ብዙዎቻችሁ ሥራ፣ ሕመም፣ የቤት ጉዳይ ብላችሁ ነግራችሁናል። ከተመለስን በኋላ ግን አንዲት እህታችን ቤቷ ድረስ ሄደን ስንጠይቃት እውነቱን ነገረችን፤ ስሟን ሳንጠራ እንድንናገርም ፈቅዳልናለች። በየሳምንቱ የሚዋጣውን መቶ ብር እስከ ጥር ድረስ ከፍላለች። የቀረችው ለመንገዱ የሚሆን ጫማ ስላልነበራት ነው። ያላት ነጠላ ጫማ ብቻ ነው፤ ልጆቹ ፎቶ ሲያነሡ እግሯ እንዳይታይ ፈራች። ሃያ ዓመት አብራን የቆየች ሴት ናት። አንዳችን ቤት ትርፍ ጫማ ጠፍቶ አይደለም። ጠይቀን ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ይገኝ ነበር። እኛ የጠየቅነው «ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም?» ብቻ ነው። የከፈለችው አሁንም በስሟ ተቀምጧል።

ሒሳቡ እነሆ። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ሃያ አራቱ ተጓዦች በየሳምንቱ መቶ መቶ ብር ለአሥራ ሰባት ሳምንት አዋጡ፤ ይህ 40,800 ብር ነው። ከማኅበሩ ካዝና የተፈቀደው 15,000 ብር ነው፣ በድምሩ 55,800 ብር። ወጪ፦ ለሁለቱ መኪና 30,000 ብር፤ ለመግቢያ፣ ለጀልባ፣ ለአስጎብኚና ለፈረስ 17,450 ብር፤ ለዳቦ፣ ለውሃና ለስኳር 4,000 ብር፤ በድምሩ 51,450 ብር። ቀሪ 4,350 ብር በሒሳብ ያዣችን እጅ ይገኛል። ደረሰኞቹ እዚህ አሉ፣ መመልከት የምትፈልጉ በዕረፍት ሰዓት መመልከት ትችላላችሁ። ፈረስ አከራዮቹ ደረሰኝ ስለማይሰጡ በዚያ ፈንታ ሦስታችን ፈርመናል።

ቀሪው ገንዘብ ምን ይሁን ለሚለው ኮሚቴው አንድ ሐሳብ አለው፤ ፍል ውሃውን ሳያዩ ለተመለሱት ስድስት ልጆችና ጫማ አጥታ ለቀረችው እህታችን ለሚቀጥለው ጉዞ መነሻ ይሁን። ይህ ግን የሚሆነው ሦስተኛው አጀንዳ ላይ በምትወስኑት ነው። ከተካፈልን 4,350ውም አብሮ ይካፈላል።

 ሰብሳቢያችን፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።